ጣይቱን ሳያዩ ከአዲስ አበባ መመለስ

ከመርሳ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው «ለጉብኝት ነው» ሲል ሰምቼ አላውቅም። ለሕክምና ይሄዳል፤ ለፓስፖርት ይሄዳል፤ ዓረብ አገር የሚሄድ ልጁን ቦሌ ድረስ ሊሸኝ ይሄዳል፤ ለቅሶ ይደርሳል፤ የሱቅ ዕቃ ሊያመጣ መርካቶ ይገባል። ላምበረት መናኸሪያ ይወርዳል፣ ዘመድ ቤት ያድራል፣ ዶሴውን በብብቱ ይዞ ሲንከራተት ይሰነብትና ላምበረት ተመልሶ ይሳፈራል። አገር ቤት ገብቶ «አዲስ አበባ እንዴት ናት?» ሲባል «መብራቱና ሕንፃው ለጉድ ነው፣ ኑሮው ግን እሳት ነው» ይላል። በቃ፣ አለቀ።

እኔ መርሳ በምትገኝበት በሰሜን ወሎው ሐብሩ ወረዳ ውስጥ ታሪክ ሳስተምር ጠጉሬ የሸበተ፣ አሁን ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ የእቴጌ ጣይቱን ስም ለፈተና ሸምድደው ያልፋሉ። ከእነሱ መካከል አዲስ አበባ ውስጥ ለዓመታት ሠርተው የእቴጌዪቱ መቃብር የት እንዳለ የማያውቁ ሞልተዋል። አልፈርድባቸውም፤ ማን አሳያቸው? ግን ይቆጨኛል። አዲስ አበባ ውስጥ ለጎብኚ ከሚታዩት ታላላቅ ቦታዎች የአብዛኞቹ ታሪክ ወሎን፣ ሲብስም የጁን ሳይነካ አይጠናቀቅም። የእኛ ሰው እነዚያን ቦታዎች እንደ ባለቤት ሊያያቸው ይገባል። የሚያስጎበኘውም ሰው እንደ ባለቤት ሊያናግረው ይገባል።

ጉብኝቱ ደግሞ ላምበረት እስኪደረስ አይጠብቅም። ከመርሳ ተነስተን፣ ከመንገድ ዳር ፍራፍሬ የገዛም ገዝቶ፣ ውርጌሳን አልፈን አምባሰል ስንገባ ረዳቱ «ውጫሌ ወራጅ!» ብሎ ይጮኻል። የሚወርደው ይወርዳል፤ ሌላው እንቅልፉን ይቀጥላል። ዳግማዊ ምኒልክ ከኢጣሊያው መልእክተኛ ከአንቶኔሊ ጋር የተዋዋሉት እዚሁ ይስማ ንጉሥ በተባለው ስፍራ ነው፤ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም.። የውሉ አንቀጽ 17 ያመጣውን መዘዝ ሁሉም ያውቃል። ጠቡ እየከረረ ሄዶ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ተቋጨ። ለዚያ ዘመቻ ጦሩ የተሰበሰበው ወረኢሉ ነው፤ ወደ ሰሜን የዘለቀውም የወሎን ምድር አቋርጦ ነው። እንግዲህ በየካቲት 2016 ዓ.ም. ፒያሳ ላይ የተመረቀውን የአድዋ ድል መታሰቢያ የሚጎበኝ የመርሳ ሰው የታሪኩን መጀመሪያ ጠዋት በአውቶቡስ መስኮት ትቶት ነው የመጣው። መታሰቢያው ግዙፍ ነው፣ ያምራል፤ አንድ ግማሽ ቀን ይገባዋል። እኔን ካላችሁኝ ግን ከዚያ ወጥቼ ጊዮርጊስ ፊት ለፊት ያለውን የምኒልክን የፈረስ ሐውልት ሳይ ነው ልቤ የሚሞላው። ጣልያን በወረራው ዘመን ነቅሎት ነበር፤ ከነፃነት በኋላ ተመልሶ ቆመ። በአድዋ የተሸነፈ ጠላት አርባ ዓመት ቆይቶ ሐውልት ሲፈራ ማየት ትልቅ ትምህርት ነው።

አሁን ወደ ጣይቱ ልምጣ፤ ብዕር ያነሳሁትም ለእሳቸው ነው። አባታቸው ደጃዝማች ብጡል ኃይለ ማርያም ከሰሜን ገዥዎች ቤት ናቸው። የዘር ሐረጋቸው ደግሞ ወደ የጁው ራስ ጉግሣ ይወጣል። የየጁ መሳፍንት በዘመነ መሳፍንት በጎንደር ነገሥታት ስም ሰባ ዓመት ገደማ አገር ያስተዳደሩ ናቸው፤ ራስ ዓሊ በ1845 ዓ.ም. አይሻል ላይ በካሣ ኃይሉ፣ በኋላ አፄ ቴዎድሮስ በተባሉት፣ እስኪሸነፉ ድረስ። የጣይቱ ወንድም ራስ ወሌ ብጡል ደግሞ የጁን የገዙ፣ ወልድያና አካባቢዋ በደንብ የሚያውቃቸው ሰው ናቸው። ከአንድ መናገሻ የወረደ ቤት በልጅ ልጁ በኩል ሌላ መናገሻ ቆረቆረ ማለት ነው። ይህንን ክፍል ውስጥ ስናገር የተማሪዎቼ ጀርባ ከወንበሩ ሲላቀቅ አየው ነበር።

ቤተ መንግሥቱ እንጦጦ ላይ ሳለ፣ ብርዱም የማገዶው ችግርም ሲያስመርር፣ እቴጌዪቱ ፍልውሃ ወርደው ሜዳውን ወደዱት፤ ቤት እንዲሠራላቸውም ባለቤታቸውን ምኒልክን ጠየቁ። 1879 ዓ.ም. ነበር። መኳንንቱ በየፊናው ጉብታ ጉብታውን ይዞ ከነሠራዊቱ ሰፈረ፤ ሰፈሩም በየመኳንንቱ ስም ተጠራ። አዲስ አበባ እንዲህ የተበታተነ ቅርፅ የያዘችው ስለዚህ ነው። መሃል ከተማ መስሎህ ገደል አፋፍ ላይ የምትወጣውም፣ ታክሲ ሁለትና ሦስት ጊዜ የምትቀያይረውም ከዚያ የመጣ ነው።

የእቴጌዪቱን ዱካ ለመከተል ሦስት ቦታ ይበቃል። አንዱ እንጦጦ ማርያም ነው። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ ወጣቱን ስቦታል፤ ደስ ይላል፣ ይሂድ። ግን ፎቶውን ተነስቶ ሲያበቃ ምኒልክ በጥቅምት 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው የተቀቡበትን ቤተ ክርስቲያንና አጠገቡ ያለውን አሮጌ ቤተ መንግሥት ሳያይ መውረድ የለበትም። ቤቱ ከእንጨትና ከጭቃ የተሠራ፣ ሣር ክዳን ነው። አውሮፓን ያስደነገጡ ሰዎች የኖሩበት ቤት ይህ ነው። ሐብሩ ቆላ ውስጥ በዚሁ ጥበብ፣ ማገሩ በዚሁ አኳኋን ተማግሮ የተሠራ ቤት ዛሬም አለ፤ ስለዚህ የእኛ ሰው እዚያ ሲቆም የሚያስገርመው የግድግዳው አሠራር አይሆንም። የሚያስገርመው በዚያ ግድግዳ ውስጥ ምን እንደተመከረ ነው።

ሁለተኛው ፒያሳ ያለው ጣይቱ ሆቴል ነው። በ1898 ዓ.ም. የተመሠረተ፣ በአገሪቱ የመጀመሪያው ሆቴል። በጥር 2007 ዓ.ም. እሳት ከፊሉን በልቶት ነበር፤ ቤቱ ግን ተርፎ እንግዳ መቀበሉን ቀጥሏል። የእንጨት ደረጃው ሲረገጥ ይጮኻል። ገንዘብ ባይኖርህ አንድ ስኒ ቡና አዝዘህ ቁጭ በልበት፤ ማንም አይከለክልህም።

ሦስተኛው፣ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው፣ ከምኒልክ ቤተ መንግሥት አጠገብ ያለው ታዕካ ነገሥት በዓታ ለማርያም ነው። ንግሥት ዘውዲቱ ለአባታቸው ለምኒልክ መታሰቢያ ያሠሩት ነው። ጫማ አውልቀህ ትገባለህ። የቤተ ክርስቲያኑ አገልጋይ ወለሉ ላይ ያለውን ምንጣፍ ገለጥ ሲያደርገው የብረት መዝጊያ ይታያል፤ ያነሳዋል፤ ከሥሩ ደረጃ አለ። እየወረድክ ስትሄድ አየሩ ይቀዘቅዛል፤ የራስህን ትንፋሽ ትሰማለህ። ታች የእብነ በረድ መቃብሮች አሉ፦ የምኒልክ፣ የጣይቱ፣ የዘውዲቱ፣ በ1934 ዓ.ም. ያረፉት የልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴም እዚያው ነው። ጣይቱ ባለቤታቸው ከሞቱ በኋላ የመጨረሻ ዓመታቸውን እንጦጦ በጸሎት አሳልፈው በየካቲት 1910 ዓ.ም. ነው ያረፉት። ከዚያ በፊት ባላባቱ ተባብሮ ከሥልጣን አግልሏቸው ነበር። አገር የሚያንቀጠቅጥ ቃል ይናገሩ የነበሩ ሴት ተራራ ላይ ብቻቸውን ቀሩ።

ዘውዲቱ ደግሞ የማን ሚስት ነበሩ? የራስ ጉግሣ ወሌ፤ የራስ ወሌ ብጡል ልጅ፣ የጣይቱ የወንድም ልጅ። ዘውዲቱ ሲነግሡ መኳንንቱ ባልና ሚስቱን ለያይቶ ራስ ጉግሣን ወደ በጌምድር ሸኛቸው። ዓመታት አለፉ፤ ራስ ጉግሣ በአልጋ ወራሽ ተፈሪ ላይ ጦር አነሱ። መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. አንቺም ላይ፣ አውሮፕላን ቦምብ በጣለበት ጦርነት ወደቁ። ከሁለት ቀን በኋላ፣ መጋቢት 24፣ ንግሥቲቱ አዲስ አበባ ላይ አረፉ። በቀጣዩ ዓመት ጥቅምት ወር ሲመጣ ተፈሪ «ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ» ተብለው ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዘውድ ጫኑ። ይህንን ሁሉ ይዘህ ስትወርድ በዓታ ሥር ያለው ክፍል የአንድ ቤተሰብ የቀብር ቦታ ሆኖ ይታይሃል፤ ቤተሰቡም ግማሹ ከእኛ ዘንድ የሄደ ነው።

አንድ ጊዜ የእናቴን ወንድም ለሐኪም ቀጠሮ ይዣቸው ሄጄ በሁለት ቀጠሮ መካከል ባዶ ቀናት ነበሩን። አጎቴ ሙስሊም ናቸው፤ እኔ ክርስቲያን ነኝ። ይህንን ለወሎ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ለሌላው ስል ነው የጻፍኩት። ዓርብ መርካቶ ወርደው አንዋር መስጊድ ጁምዓቸውን ሰገዱ። እኔ ጎረቤቱ ራጉኤል ደጃፍ ጠበቅኳቸው። ሲወጡ «ይኼስ የኛን አገር ይመስላል» አሉኝ፤ የመርካቶ ጉብኝታችን ይኸው ነበር።

በማግሥቱ አንድነት ፓርክ ገባን። በ2012 ዓ.ም. ለሕዝብ የተከፈተው ይህ ግቢ የምኒልክ ቤተ መንግሥት ነው፤ የምኒልክ እንቁላል ቤት፣ የዙፋን ቤቱ፣ ትልቁ የግብር አዳራሽ እዚያ ናቸው። አጎቴ አዳራሹ መሃል ቆሙ። ጣሪያውን አዩ፣ የአዳራሹን ርዝመት በዓይናቸው ለኩ፣ ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «አንተ ልጅ፣ በስድሳ ስድስት እዚህ ምን ይበላ ነበር?» አሉኝ።

ወሎዬ ካልሆነ ሰው ይህ ጥያቄ አይወጣም። በ1965 እና 66 ረሃብ አጎቴ ጎረምሳ ነበሩ። በሬ ለእህል ሲሸጥ፣ ከዚያ የሚሸጥ ሲጠፋ፣ ከዚያ ሰው ወደ አስፋልቱ ሲወጣ አይተዋል። ዛሬ አውቶቡሳችን የሚከንፍበት የደሴ መንገድ ዳርና ዳሩ ሰው ይወድቅበት ነበር። አቤት ሊሉ ወደ አዲስ አበባ ያቀኑ የወሎ ገበሬዎችን ፖሊስ ከከተማዋ መግቢያ መልሷቸዋል። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ወርደው ያነሷቸውን ፎቶግራፎች ስድስት ኪሎ ግቢ ውስጥ አሳዩ። የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የቀረፀው ፊልም ዓለምን አዳረሰ። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት ያ ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ምስሎች ጋር ተሰባጥሮ በቴሌቪዥን ታየ፤ በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ወረዱ። ስለዚህ ያንን አዳራሽ የወሎ ረሃብ ሳይነሳ ማስጎብኘት ከታሪኩ እኩሌታውን መዝለል ነው። የአጎቴ ጥያቄ በግድግዳው ላይ ቢጻፍ ደስ ይለኛል።

እዚያው ግቢ፣ በዙፋኑ ቤት ሥር፣ ደርግ የዘውዱን ሹማምንት ያሰረባቸው ክፍሎች አሉ። ስድሳዎቹ የተገደሉት ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። በማግሥቱ ኅዳር 15፣ ሐብሩ በምሥራቅ በኩል ከሚዋሰናት የአፋር ምድር፣ ሀዳር ላይ ድንቅነሽ ተገኘች፤ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ከተኛችበት። ታሪክ አንዳንዴ እንዲህ ያሾፋል። የድንቅነሽን ነገር ብሔራዊ ሙዚየም አምስት ኪሎ ሄዶ ማየት ነው።

ስድስት ኪሎን ግን በሩጫ አትለፉት። ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር፤ ዛሬ የዩኒቨርሲቲው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ነው። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. እዚያ ግቢ ነው። ከዚያ የተከተለውን እልቂት በሩ ፊት ያለው ሐውልት በቅርፃ ቅርፅ ያሳያል። የወሎን ረሃብ ያጋለጡት ፎቶዎች የተሰቀሉትም በዚሁ ግቢ ነው። አንድ ግቢ ሁለት ጊዜ መንግሥት ሲነቀነቅ አየ።

«ታዲያ ለምን አንሄድም?» ብንል ምክንያቱ ገንዘብ ብቻ አይደለም። ገንዘቡም ይከብዳል፤ መንገዱም ዛሬ ክፍት ነገ ዝግ ነው። ሐራ ገበያ ይደርሳል የተባለውን ባቡር ስንጠብቅ አርጅተናል። ከሁሉ የሚከብደው ግን ሌላ ነው። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ወልድያንና መርሳን ሲውጥ ስንቱ ሰው ደሴ ወጣ፤ በጥቅምት 2014 ደሴም ሲያዝ አዲስ አበባ ገባ። ብዙ የእኛ ወጣት ዋና ከተማውን ለመጀመሪያ ጊዜ ያያት ያኔ ነው፣ በተፈናቃይነት፣ መታወቂያ እየተጠየቀ። እንዲህ ያያትን ከተማ ተመልሶ በጎብኚ ዓይን ለማየት ልብ ይጠይቃል። ይገባኛል። ግን በዚያ ሰበብ የራሱን ታሪክ ትቶላት መምጣት የለበትም።

ከተማዋን የሚመሩትም አንድ ነገር ይስሙኝ። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ዶሮ ማነቂያና እሪ በከንቱ ፈረሱ። እዚያ ከነበሩት ቤቶች ብዙዎቹ ለሰው ልጅ መኖሪያ የሚመቹ አልነበሩም፤ ለትዝታ ብሎ ሰው በዚያ ይኑር ማለት ግፍ ነው። መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱ ደምቋል፣ ለእግረኛ ተመችቷል። ይሁንና ከተማዋ በማን እጅ፣ በምን ዓይነት ጭቃና እንጨት እንደተሠራች የሚናገሩ ቤቶች ከደካሞቹ ጋር አብረው ከሄዱ ለአጎቴና ለልጅ ልጆቻቸው ምን እናሳያለን? ፏፏቴ ዱባይም አለ። እኛን ከአምስት መቶ ኪሎ ሜትር ርቀት የሚጠራን አሮጌው ደረጃ፣ አሮጌው ሰገነት፣ የአርመንና የህንድ አናጢ ከአበሻ ግንበኛ ጋር የሠራው በረንዳ ነው። የቀሩትን አታፍርሷቸው። በየደጃፋቸውም ማን እንደኖረባቸው በአማርኛ ጻፉ፤ ከየት እንደመጣም ጨምሩበት፤ የጁም ይሁን ወረኢሉ፣ ጅማም ይሁን ወለጋ።

ለሰሜን ወሎ ዞን ባህልና ቱሪዝም፣ ለሐብሩ ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤትም አንድ ሐሳብ አለኝ። ትምህርት ቤቶቻችን ተማሪ ይዘው ሲጓዙ አብዛኛውን ጊዜ ላሊበላ ነው፤ ቅርብ ነው፣ ታላቅ ነው፣ እሰየው። ነገር ግን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ከመመረቁ በፊት ውጫሌ ወርዶ ይስማ ንጉሥን ረግጦ፣ አቅም ሲገኝ ደግሞ አዲስ አበባ ዘልቆ በዓታንና ስድስት ኪሎን ቢያይ፣ የታሪክ መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር አነበበው ማለት ነው። ወጪውን አዲስ አበባ ያለው ወሎዬ ነጋዴ ቢካፈለው አይጎዳም። መርካቶ ውስጥ ስንት የሐብሩ ልጅ ሱቅ ከፍቷል! አንድ አውቶቡስ ተማሪ አንድ ሌሊት ማሳደር ለእነሱ ከባድ አይሆንም።

አንተም አንባቢዬ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ለፓስፖርትም ይሁን ለሐኪም ስትሄድ ቀጠሮህ ሐሙስ ከሆነ ረቡዕ ጠዋት በዓታ ሂድ። አራት ኪሎ ወርደህ በእግርህ ትደርሳለህ። አገልጋዩን በትሕትና «የታችኛውን ክፍል ያሳዩኝ» በላቸው፤ ከየት እንደመጣህ ቢጠይቁህ «ከየጁ» በል።